ከጀርባ የወደቀችው ትሪ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ጋቢው ይሁን። የሰዓቱ ነገር ግን እስካሁን ያስቀኛል፤ ዕድሜዬን ሁሉ "ሰዓትሽን አክብሪ" ስባል ኖሬ፣ ልክ ሰዓት የማያስፈልገኝ ቀን ሰዓት ሰጡኝ። ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። ጧት ጧት አልጋዬ ላይ ሆኜ ቀጭ ቀጭ ሲል እሰማዋለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ያን ያህል መስማት ትልቅ ነገር መሆኑን ስለማውቅ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። እኔ የብዙ ሰው ጆሮ ያየሁ ሴት ነኝ።

ወደዚህ ጽሑፍ ያስገባችኝ በሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ናት። ከአየር ጤና ወደ ኮልፌ ስንሄድ ሁለት ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍናው ነበር። ዘፈኑን ከእሷ እኩል ሰማሁት፤ ግጥሙን ሳይቀር። ረዳቱ ሒሳብ ብሎ ሦስቴ ጠራት፣ በመጨረሻ ትከሻዋን ነካት። እንደዚያ ትከሻውን የሚነኩት አንድ ልጅ አውቅ ነበር። ልናገራት አስቤ ነበር፤ ጡረተኛ ግን ምክር ሲጀምር ሰው ወራጅ አለ ማለት ይጀምራል፤ ተውኩት። ቤቴ ስገባ ያልተናገርኩት ነገር አላስቀመጠኝም። እነሆ።

ጤና ረዳትነት ተምሬ መጀመሪያ የተመደብኩት ሰሜን ሸዋ ውስጥ መኪና ከደረሰበት ወዲያ በበቅሎ በሚደረስበት ጤና ጣቢያ ነበር። እዚያ አዋለድኩ፣ ቁስል ሰፋሁ፣ ጥርስ ነቀልኩ፤ አንድ ጊዜ የአንድ ቄስ በሬም አክሜያለሁ፣ ድኗል። ደመወዙን አታንሱት፤ ከጤፍ ዋጋ ጋር ሲሯሯጥ አንድ ቀን ቀድሞ አያውቅም። ከዚያ ዝውውር ጠይቄ፣ ደጅ ጠንቼ፣ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ከርሞ ኮልፌ ደረስኩ። ለወላጆቼ ቀረብ አልኩ። ጋሽ ወልዴንም ያገኘሁት እዚያ ነው።

ጋሽ ወልዴ በንጉሡ ዘመን ከአንድ የውጭ አገር ሐኪም ሥር ሆነው ሙያውን የቀሰሙ ድሬሰር ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ሁሉንም ያክማሉ፤ ስማቸው የወጣው ግን በጆሮ ነው። ከቡራዩና ከሆለታ ድረስ ሰው እየተነሣ ይመጣላቸው ነበር። ኦሮምኛ አቀላጥፈው ስለሚናገሩ ከገጠር የመጣው በሽተኛ እሳቸው ዘንድ ሲቀርብ ፊቱ ይበራል።

እኔን ሥራ ያስተማሩኝ በንግግር አይደለም። ዝም ብለሽ እይ ይላሉ። ጆሮ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን አሽተው ያሞቃሉ። ጆሮ የሚያጥቡበትን ውሃ በእጃቸው ጀርባ ላይ ጠብ አድርገው ይሞክራሉ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮ ውስጥ ከገባ ሰው ያዞረዋል፣ ያስታውከዋልም። ከሁሉ በፊት ግን ሥራ ይጠይቃሉ። ወፍጮ ቤት ነህ? ጋራዥ ነህ? ብረት ትቀጠቅጣለህ? ጆሮውን የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው። የሰው ጆሮ የሰውየውን ሥራ ይመስላል ይሉ ነበር።

የመስማት ምርመራቸው ማሽን አልነበረውም። ማሽኑ ያለው ትልቁ ሆስፒታል ነው፤ የእኛ ማሽን የጋሽ ወልዴ ትንፋሽ ነበር። በሽተኛውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያስቀምጡታል፣ ከጀርባው ራቅ ብለው ይቆማሉ፣ ትንፋሻቸውን እስከ መጨረሻው ያስወጣሉ፣ ከዚያ በባዶ ሳንባ አንድ ቃል በሹክሹክታ ይሉታል። ለምን ትንፋሽዎን ይጨርሳሉ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ሳንባ ሲሞላ ሹክሹክታው አንዴ ይጎላል አንዴ ይደክማል፤ ባዶ ሲሆን ግን ለሁሉም ሰው እኩል ነው አሉኝ። ቃሎቹ የገበያ ቃሎች ናቸው፤ በርበሬ፣ ቡና፣ ሰሊጥ፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ስንዴ። በሽተኛው የሰማውን ይደግማል። ጋሽ ወልዴ አንድም ቀን "ሰማህ?" ብለው ጠይቀው አያውቁም። "ሰማህ ሲሉት አልሰማሁም የሚል ሰው የለም፤ ይሉኝታ አለ። አስደግሚው" ይሉኝ ነበር። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሳስደግም ኖሬያለሁ፤ ልጆቼን ሳይቀር፣ እስኪሰለቹኝ።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ቀበሌ ወጣቱን ይጠራል፤ የተጠራው ሁሉ ድንገት በሽተኛ ይሆናል። ማን ይፈርዳል? ሰሜን የሄደ ልጅ ስንቱ እንደተመለሰ ሰፈሩ ያውቃል። ያልታመመው ያነክሳል፣ የሚያየው ይደናበራል፣ ከሁሉ የሚበዛው ግን ጆሮዬ አይሰማም የሚለው ነበር፤ ደንቆሮ ለመምሰል ምንም ዕቃ አያስፈልግማ። ቀበሌው እንዲህ ያለውን ሁሉ አንድ አብዮት ጥበቃ ከነጠመንጃው አስከትሎ ወደ እኛ ይልከዋል። አለቃችን ስብሰባ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ጣቢያው ለእናት አገር ጥሪ ንቁ ሆኖ መገኘት አለበት ብለው ነገሩን ጋሽ ወልዴ ትከሻ ላይ ጣሉት።

ጋሽ ወልዴ ሐሰት አይወዱም። አንዱ በውሸት ከቀረ በእሱ ቦታ ሌላ የደሀ ልጅ ይወሰዳል የሚል ነገር ነበራቸው፤ እውነትም ነበር፤ ቀበሌው የሚፈልገው ቁጥሩ እንዲሞላለት ነው። ስለዚህ አንድ ዘዴ አመጡ። ልጁ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሹክሹክታውን አልሰማሁም፣ አልሰማሁም ሲል ይቆያል። በመሐል፣ ሳያስበው፣ እኔ ከበሩ አጠገብ ሆኜ የመርፌና የጥጥ ማቅረቢያዋን ትልቅ የብረት ትሪ መሬት ላይ እለቃታለሁ። የሚሰማ ሰው ዞር ይላል። አለመዞር አይቻልም፤ ገላ ከሐሳብ ይቀድማል። የማይሰማ ሰው ግን እንደ ተቀመጠ ይቀራል። ዘዴዋ ስታ አታውቅም ነበር። አንድ እውነተኛ ደንቆሮ የሸማኔ ልጅ ትሪዋ ስትወድቅ ጥፍሩን ይበላ ነበር፤ ጋሽ ወልዴ ራሳቸው ቤቱ ድረስ ሸኙት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የኮልፌ ወጣት ጤና ጣቢያችንን "ትሪ ቤት" ብሎ እንደሚጠራው የሰማነው እኛ መጨረሻ ላይ ነው። ስሙን ያወጡት ትሪዋ ስትወድቅ ከአጥር ውጭ ስለምትሰማ ነው እንጂ ዘዴውን አያውቁትም ነበር፤ የተያዘው ሁሉ ያው ወዲያው ይሄዳላ።

በዚሁ መሐል ጣቢያችን ቦታ ቀየረ። የድሮው ቤት ሲሚንቶ ወለል ያለው፣ ጣራው የሚያፈስ ሁለት ክፍል ነበር። ከአንድ ሀብታም የተወረሰ ቪላ ተሰጠንና ተዛወርን። ደስታችንን አልነግራችሁም። መስኮቱ ሰፊ፣ ግቢው ባሕር ዛፍ ያለበት፣ ወለሉ ደግሞ ጣውላ ነበር። እኔና የጽዳት ሠራተኛዋ ያን ጣውላ በሰም እየወለወልን ፊት እስኪያሳይ አሳመርነው። አለቃችንም በስብሰባ አመሰገኑን።

ደረጀ የመጣው በአዲሱ ቤት ነው።

ሃያን ብዙ ያላለፈ፣ ፀጉሩን ያጎፈረ፣ ሸሚዙን በጥንቃቄ የተኮሰ ልጅ ነበር። እናቱ እትዬ በላይነሽ ከጎጃም መጥተው ኮልፌ ገበያ ቅመም የሚሸጡ ናቸው፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። እሳቸው ከአጥሩ ውጭ ቀሩ፤ እንዳይገቡ አብዮት ጥበቃው ከልክሏቸዋል። እሱ ደግሞ ጠመንጃውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

ጋሽ ወልዴ እንደ ልማዳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሥራውን ጠየቁት። ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው አለ። ምን ሱቅ? ዝም ብሎ ሱቅ ነው አለ። ሲጠየቅም ሲመልስም አንድም ቃል አላመለጠውም፤ ዓይኑ ግን ከጋሽ ወልዴ ከንፈር አይነሣም ነበር። ይህን ያየሁት ያኔ ነው፤ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። ምን ይሰማሃል ሲሉት ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት አለ፣ አይቆምም፣ ሰው ከኋላ ሲያናግረኝ አልሰማም አለ። ጆሮው ሲታይ ንጹሕ ነበር። መግል የለ፣ ኩክ የለ፤ ታምቡሩ እንደ ሕፃን ያበራል።

ወደ ግድግዳው አዞሩት። ትንፋሻቸውን ጨርሰው በርበሬ አሉ። "በርበሬ" አለ። ቡና አሉ። "ቡና።" ሰሊጥ አሉ። ዝም አለ። ሽንኩርት አሉ። ዝም። ጎመን አሉ። "ጎመን" አለ። ስንዴ አሉ። ዝም።

የጋሽ ወልዴ ፊት ሲለወጥ አየሁት። የደነቆረ ሰው ወይ ሁሉንም አይሰማም ወይ ሁሉም ይደክምበታል፤ ይሄኛው ግን የሚሰማውንና የማይሰማውን የሚመርጥ መሰላቸው። በዐይናቸው ጠቀሱኝ። ትሪዋን ለቀቅኳት።

ደረጀ ዞረ።

አብዮት ጥበቃው ሳቀ። ጋሽ ወልዴ ግን አልሳቁም፤ ልጄ፣ እናትህ ደጅ ቆማ እንዲህ ማድረግ አልነበረብህም ብቻ አሉት፣ የጥበቃው ሳቅ ሳያባራ፣ ልጁ ወደ ግድግዳው ተመልሶ ስለነበር ከጀርባው እንደ ቆሙ። እሱም መልስ አልሰጠም። ንቀት መሰለን። ወረቀቱ ላይ ይሰማል ብለው ፈረሙ። ከአጥሩ ውጭ እትዬ በላይነሽ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ሲጮኹ በመስኮቱ አየናቸው፤ እንዲህ ያለ ጩኸት ያኔ አዲስ አልነበረም። ደረጀን በዚያው ሳምንት በመኪና ጫኑት።

ወራት አለፉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሰናይት የምትባል ልጅ መጣች። ሴት ስለሆነች ውትድርና አያሰጋትም፤ አብዮት ጥበቃም አልተከተላትም። ክፍሉ የክትባት እናቶች ሞልተውት ስለነበር ጋሽ ወልዴ ወደ ግቢው ይዘዋት ወጡ፤ ባሕር ዛፉ ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ጆሮዬ ያፏጫል አለች። ሥራዋን ሲጠይቋት አላመነታችም፤ ሙዚቃ ቤት ካሴት እቀዳለሁ አለች።

ስለ ሥራው ያወራችው ያኔ ነው። ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ትልቅ ስፒከር አለ፤ ገዢ ለመጥራት አዲስ የወጣውን ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ያስጮኸዋል። ማዶ ያለው ሙዚቃ ቤትም የራሱን ያስጮኻል፤ ከጎን ደግሞ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ አሉ። ቀጂው ከውስጥ ሆኖ የሚቀዳውን ካሴት መስማት አለበት፤ ቴፑ ከተንገራገጨ ገዢው ይመልሰዋል። ስለዚህ ሄድፎን ያደርጋል፤ ሄድፎኑ የስፒከሩን ጩኸት እንዲያሸንፍለት ደግሞ መጨረሻው ድረስ ይከፍተዋል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ማታም ቤት ሲገባ፣ ሰዓት እላፊ ስለሆነ መውጫ የለም፣ ከውጭ የመጣች ትንሽ ቴፕ ካለችው እሷን ጆሮው ላይ አድርጎ ይተኛል። ካለ ሄድፎን እንቅልፍ አይወስደኝም አለች ሰናይት፤ ፉጨቱን የሚሸፍንልኝ እሱ ብቻ ነው። ጩኸት ያመጣውን ጩኸት በጩኸት ስትሸፍን ነበር።

ከዚያ ሹክሹክታው ሆነ። በርበሬ፣ ሰማች። ቡና፣ ሰማች። ሰሊጥ፣ ዝም። ሽንኩርት፣ ዝም። ጎመን፣ ሰማች። ስንዴ፣ ዝም።

ጋሽ ወልዴ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ከዚያ በቀስታ ወደ ፊቷ ዞረው መጥተው ቁጢጥ አሉና ከአንቺ በፊት እዚያ ሥራ ላይ ማን ነበር አሏት። ደረጀ የሚባል ልጅ ነበር፣ ወሰዱት አለች። የእሱም ጆሮ ያፏጭ ነበር፣ ግን ሄድፎን አደርጋለሁ ብሎ ሰው ፊት አይናገርም፤ በሱ ሰፈር አንድ ሰው የተከለከለ ሬዲዮ በሄድፎን ያዳምጣል ተብሎ ታስሯል። ለዚህ ነበር ዝም ብሎ ሱቅ ነው ያለን። ጠመንጃው በሩ ላይ ቆሞ ምን ይበል?

ጋሽ ወልዴ ትሪዋን አምጪ አሉኝ። ልጅቷ ወደ ዛፉ ዞራ እንደ ተቀመጠች፣ ከኋላዋ ድንጋይ ላይ ለቀቅኳት። አልዞረችም። የክትባት እናቶች እንኳ በመስኮት ብቅ ብለው አዩን፤ እሷ ግን ነጠላዋን ታስተካክላለች። ከዚያ ክፍሉን አስለቅቀው ወደ ውስጥ አስገቧት። ጣውላው ላይ ተቀመጠች። ትሪዋን ለቀቅኳት። ዞረች።

ለምን ዞርሽ አሏት። እንጃ፣ እግሬን የሆነ ነገር ነካኝ አለች።

ልጅቷን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኳትና በሩን ዘጉ። ጫማቸውን አወለቁ። ሁለቱንም ጆሯቸውን ጥጥ በቫዝሊን ነክረው ደፈኑ፣ በላዩ መዳፋቸውን ጫኑበት፣ ወደ ግድግዳው ዞረው ቆሙ። ምን ላድርግ ብላቸው አይሰሙኝም። ትሪዋን አነሣሁና ለቀቅኳት። ዞሩ። ጥጡን አወጡ።

"አልሰማሁም ጥሩነሽ" አሉኝ። "አልሰማሁም፤ ግን ዞርኩ። ያ ልጅም እንዲህ ነው የዞረው።"

ዘዴው የተገኘው ሲሚንቶ ላይ ነው። ሲሚንቶ ጸጥ ይላል፤ ጣውላ ግን የወደቀበትን ሁሉ ለእግር ይናገራል። ቤት ስንቀይር አልጋ ቆጠርን፣ ወንበር ቆጠርን፣ ወለሉን በሰም ወለወልን፤ ዘዴው ከሲሚንቶው ጋር እንደቀረ ግን ማንም አላሰበም። እሳቸውም፣ እኔም።

ሆስፒታሉ በማሽን መርምሮ የሰናይትን ጆሮ አረጋገጠ። ሐኪሙ የነገረን እንዲህ ነው፤ ብርቱ ድምፅ መጀመሪያ የሚበላው ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ነው። ሰው ንግግር ይሰማል፣ የ"ሰ"ን፣ የ"ሸ"ን ድምፅና የብረትን ቅጭልታ ግን ያጣል። የሚመርጥ ይመስላል እንጂ አይመርጥም። የተበላው ደግሞ በመድኃኒትም በጸበልም አይመለስም፤ የቀረውን መጠበቅ ብቻ ነው።

ጋሽ ወልዴ በማግስቱ ቀበሌ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሊቀ መንበሩ አስቀምጦ ሰማቸው፣ ከዚያ ቀለደባቸው። ትናንት ይሰማል አሉን፣ ዛሬ አይሰማም አሉን፣ ነገ ደግሞ ይዘፍናል ሊሉን ነው? አላቸው። ልጁ ሠልጥኖ ግንባር ደርሷል፤ ግንባር የደረሰን ሰው የሚመልሰው ግንባር ብቻ ነው። አርፈው ሥራዎን ቢሠሩ ይሻልዎታል ሲላቸው ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ከዚያ በላይ ወዳለው ቢሮም ሄዱ፤ ተመላለሱ። አለቃችን ስብሰባ ላይ ስማቸውን ሳይጠሩ ሰደቧቸው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚላቸው በዛ፤ እሳቸው ግን ለማፈስ ሞከሩ፤ ይህን እኔ እመሰክራለሁ።

ቢሮው ሁሉ ሲዘጋባቸው እትዬ በላይነሽ ዘንድ ሄዱ። ቅመማቸው መሐል ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ወልዴ ቆመው ሁሉንም ነገሯቸው፤ ትሪዋን፣ ጣውላውን፣ ፊርማውን፣ አላስቀሩም። ግንባር ላይ ተኛ ሲባል የማይሰማ፣ ከኋላው የሚመጣውን የማያውቅ ልጅ ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አላነሣውም። እትዬ በላይነሽ የበርበሬውን መስፈሪያ አስቀመጡ።

"እኔ ልጄን ከኋላው ጠርቼው አላውቅም" አሉ። "ትከሻውን ነው የምነካው። ይህን ልነግራችሁ ነበር ከአጥሩ ውጭ ስጮህ የነበረው። አንድ ሰው ወጥቶ ምን ሆነሽ ቢለኝ ምን ነበረበት?"

ጋሽ ወልዴ ከዚያ በኋላ ያው ሰው አልሆኑም። ሥራቸውን አልተዉም፤ ግን ምርመራውን ሁሉ ወደ ግቢው፣ ወደ አፈሩ አወጡት። ዝናብ ቢዘንብ ዣንጥላ እይዝላቸው ነበር። በሩ ላይ ጠመንጃ ከቆመ አልመረምርም አሉ፤ እንዳልታሰሩ እስካሁን ይገርመኛል። ከበሽተኛው ጋር የመጣን ዘመድም ሳያናግሩ አይውሉም። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የኮልፌን ሙዚቃ ቤቶች ይዞሩ ጀመር። ባለቤቶቹ ይስቁባቸዋል፤ እሳቸው ግን ገብተው ቀጂው ጎን ይቀመጣሉ። አንድ ደንብ አወጡ፤ ሄድፎኑን አድርገህ የውይይት ታክሲው ረዳት "አስኮ! አስኮ!" ሲል ካልሰማህ፣ እስክትሰማው ድረስ ዝቅ አድርግ ይላሉ። ጆሮህን በየመሐሉ አሳርፈው፤ በሬም ይፈታል ይሏቸዋል። ልጆቹ እሳቸው ሲገቡ ዝቅ ያደርጉታል፣ ሲወጡ መልሰው ይከፍቱታል። እሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር፤ ግን ውሃ በድንጋይ ላይ ነው ብለው አልተዉትም። ሰናይት ሥራውን ለቅቃ ልብስ ስፌት ገባች። ፉጨቱ አልተዋትም፤ ብሶም አልባሰባት።

እኔ ደግሞ የጣውላውን ወለል መወልወል ተውኩ። አለቃችን ለምን ብለው ጠየቁ፤ ሰም አለቀ አልኳቸው።

ጋሽ ወልዴ ጡረታ ወጥተው አስኮ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ስለ ብዙ ነገር እናወራለን፤ ሁልጊዜ ስወጣ ግን በር ላይ ያስቆሙኝና ከዚያ ልጅ ወሬ አለ ወይ ይሉኛል። የለም እላለሁ። እትዬ በላይነሽም መርዶ አልመጣላቸውም፤ ወሬም አልመጣላቸውም።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በእግሩ እየኳተነ ከተማውን ሞላው። የሰፈሩ እናት ሁሉ መንገድ ዳር ቆማ ፊት ስትለይ ትውላለች። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ እትዬ በላይነሽ የጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አጠገባቸው አንድ የከሳ፣ ጺሙ ያደገ ሰው አለ። እትዬ በላይነሽ አልተናገሩም፤ ትከሻውን ነኩት። ወደ እኔ ዞረ።

ግንባር ላይ ከባድ መሣሪያ አጠገቡ ፈንድቶ፣ የቀረችው ጆሮው እዚያ ቀረች። ሕይወቱን ያተረፉለት ሁለት ጓደኞቹ ናቸው፤ ተኛ ሲባል እየጎተቱ ያስተኙት የነበሩ። ሁለቱም አልተመለሱም። ይህን ሁሉ የነገረኝ እየጮኸ ነው፤ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ መመጠን አይችልም። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ አፌን እየከፈትኩ፣ አንድ ሰው ሊያይህ ይፈልጋል አልኩት። ማን እንደሆነ ስነግረው ዞር ብሎ እናቱን አየ። ከዚያ እንሂድ አለ።

አስኮ ስንደርስ ጋሽ ወልዴ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ማን እንደመጣ መናገር አላስፈለገኝም። ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ ሁለት እርምጃ ቀረብ አሉ፣ አንገታቸውን እስከ ደረታቸው ደፍተው፣ መሬት መሬት እያዩ፣ ልጄ በድዬሃለሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ አሉት። ደረጀ ቆሞ ያያቸዋል። አንዳች አልመለሰም። ጋሽ ወልዴ ዝምታውን እምቢታ አደረጉት፤ እንባቸው ጫማቸው ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። ያን ጊዜ ገባኝ።

"ጋሽ ወልዴ" አልኳቸው፣ "ቀና ይበሉ። አፍዎን ካላየ አይሰማዎትም።"

ቀና አሉ። ዓይን ለዓይን እያዩት፣ ቃል በቃል፣ ደግመው አሉት።

"ያኔም እንዲህ ከፊቴ ቢቆሙ ኖሮ እነግርዎት ነበር" አለ ደረጀ። ከዚያ ይቅር ብያለሁ አለ። የሰፈሩ ውሻ እስኪጮህ፣ ጎረቤት በአጥር ላይ እስኪያይ ድረስ ነው ያለው፤ እሱ ግን በቀስታ የተናገረ መስሎት፣ ወጥቶልኝ ይሆን በሚል ዓይን ያያቸዋል።

ጋሽ ወልዴ ሰምቻለሁ አላሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሽተኛ ሲያስደግሙ የኖሩ ሰው፣ ልጁ ከንፈራቸውን እንዲያይ ፊታቸውን አቅርበው፣ ቃሉን እሳቸው ደገሙለት።

"ይቅር ብያለሁ፣ አልክ" አሉት።